ዘራፊውና አውሬው የሚመጡበት መንገድ፦ ከጣና ዳር የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ባሕር ዳር

ከወዳጆቼ ጋር ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን የምንጫወተው የምናብ ጨዋታ አለ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ተራኪው በዘረጋው ዓለም ውስጥ ይጓዛሉ፤ የሞከሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ፣ ማለትም ባለ ቁጥሩ የዕጣ ጠጠር፣ ይወስናል። በመጪው ወር ተራኪው እኔ ነኝ። ያሰብሁት ታሪክ በጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ስላለ የከበረ ድንጋይ ማዕድን ነው፤ በአንድ ወገን ዘራፊዎች ያንዣብቡበታል፣ በሌላ ወገን አውሬ ይመጣበታል። እንዲህ ያለው ታሪክ በብዙ አገር ብዙ ጊዜ ስለተነገረ አጥሩም፣ ዘራፊውም፣ አውሬውም ተዘጋጅተው ይገኛሉ። ተጫዋቾቼን ግን አውቃቸዋለሁ። «ቆፋሪዎቹ ምን ይበላሉ? ድንጋዩን ማን ይገዛቸዋል? በየት በኩል ይወጣል? አውሬው እስከ ዛሬ የት ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ በሚታወቅ አፈርና ውኃ ላይ ካልቆመ ታሪኩ ከሁለተኛው ጥያቄ በኋላ ይፈርሳል። ስለዚህ ካርታውን የምትሥልልኝን እኅቴን ይዤ የጣናን ዳርቻ ለመዞር ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ሥራ ድንጋዩን መምረጥ ነበር። አገራችን ለምርጫ የሚሆን አላጣችም፤ በሻኪሶ አካባቢ ኤመራልድ ይወጣል፣ በትግራይ ሰንፔር ተገኝቷል፣ በወሎ ደላንታ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኦፓል እየተቆፈረ ወደ ዓለም ገበያ ይሄዳል። እኔ ኦፓሉን መረጥሁ። የደላንታው ኦፓል የሚገኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከፈነዳ እሳተ ገሞራ በወረደ አመድ መካከል ነው፤ ድንጋዩን የያዘው ንጣፍ ቀጭን ሆኖ በገደሉ ወገብ ላይ እንደ መቀነት ዞሮ ይታያል። ቆፋሪዎቹ ከገደሉ ፊት ተነሥተው በዶማና በመዶሻ አግድም ወደ ውስጥ ይቦረቡራሉ፤ ንጣፉ ደካማ ስለሆነ ጣሪያው ይናዳል፤ በዚህ የተነሣ ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶች አሉ። ማዕድን የሚባል ነገር በታሪኬ ውስጥ ሲገባ ይህ አደጋ አብሮት መግባት አለበት። ዘራፊና አውሬ ከመምጣታቸው በፊት ቆፋሪው በየቀኑ የሚፈራው ከራሱ በላይ ያለውን ጣሪያ ነው።

እኅቴ ከዓመታት በፊት ደሴ ላይ የገዛችው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ኦፓል አላት። ማታ ከሣጥኗ አውጥታ መብራት ሥር ስታገላብጠው አረንጓዴው ወደ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማው ወደ ቀይ እየዞረ ይንቀለቀል ነበር። ከዚያ ውኃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው። መጀመሪያ ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ከድንጋዩ ገጽ እየተላቀቁ ሽቅብ ወጡ፤ ቀጥሎ ቀለሙ ከጠርዙ ወደ መሐሉ እየደበዘዘ ሄደ፤ ቡና ጠጥተን ስንመለስ በብርጭቆው ውስጥ የቀረው ተራ የጠርሙስ ስብርባሪ የሚመስል ነገር ብቻ ነበር። የወሎ ኦፓል ጠባይ ይህ ነው። በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የሲሊካ ድቡልቡሎች በሥርዓት ስለተደረደሩ ብርሃኑን ወደ ቀለማት ይከፋፍሉታል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ውኃ ሲሞላው ግን ድንጋዩ ብርሃን አሳላፊ ይሆንና ቀለሙ ይሰወራል። ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል፤ ለመድረቅ ግን ጊዜ ይፈልጋል።

በጣና ዳር ኦፓል ይቆፈራል ማለቴ አይደለም፤ ማዕድኑ የምናቤ ነው። ሆኖም ውኃ የሚጠጣና ሲጠጣ ዋጋ የሌለው የሚመስል ድንጋይ በሐይቅ ዳር ብናስቀምጠው ምን ዓይነት ጠብ ሊያስነሣ እንደሚችል ማሰብ የጀመርሁት በዚያች ሌሊት ነው። ድንጋዩን ከብርጭቆው አውጥታ በደረቅ ጨርቅ ጠቀለለችውና ጉዞውን ሁሉ ይዛው እንድትሄድ ተስማማን።

ዓርብ፣ ዘጌ

ባለ ጀልባው ማልደን እንድንወጣ አጥብቆ አሳስቦን ነበር። «ጋሼ፣ መሄዱን በማንኛውም ሰዓት እንሄዳለን፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ መመለሱ ነው የሚያስቸግረን» አለኝ። ጠዋት ላይ ሐይቁ የተኛ ይመስላል። ወደ ባሕር ዳር ማገዶ የሚያደርሱ ታንኳዎች በአጠገባችን አለፉ፤ ጭነቱ ከቀዛፊው ቁመት በላይ ስለሆነ ከሩቅ ሲታይ የእንጨት ክምር ራሱን ችሎ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ታንኳው ደንገል ከሚባለው የውኃ ዳር ተክል የታሠረ ስለሆነ በቆየ ቁጥር ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከሥራ በኋላ ዳር ላይ አቁመው በፀሐይ ያደርቁታል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው። ቀዛፊው የሚቀመጥበት ቦታ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እኅቴ ይህን አይታ «ድንጋዩን በታንኳ የሚያሻግር ሰው ማዶ ሲደርስ የሚያገኘው ምን እንደሆነ አስበህዋል?» አለችኝ። የታሪኩ አንድ ማጠፊያ የተገኘው በዚህ ጥያቄ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ነው፤ ከጀልባ ወርደው ጥቂት እንደተራመዱ ሰማዩ ይሸፈናል። ከላይ ዋንዛው፣ ሾላው፣ ዶቅማውና ብሳናው ጥላ ይሠራሉ፤ ከሥራቸው ቡናው ተደርድሯል፤ በቡናው መካከል ጌሾና ሎሚ አለ። መንገዱ ድንጋያማና ጠባብ ሆኖ በየቤቱ ደጃፍ ያልፋል፤ በየደጃፉ ቀይ የቡና ፍሬ በሰሌን ላይ ተሰጥቷል፤ ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለሉ ይከተሉናል። በጣና ዙሪያ ያለው ሜዳ አብዛኛው ታርሶ ደኑ ከተመነጠረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይህ አንዱ ቦታ ብቻ እንዴት ጫካ ሆኖ ቀረ? ለታሪኬ የምፈልገው መልስ እዚህ እንዳለ ስለጠረጠርሁ ቡናቸውን የሚገለብጡ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥሁ።

«አባቴ፣ እዚህ እርሻ የለም?» አልኋቸው።

«የለም፣ ልጄ። በዘጌ በሬ አይጠመድም። ቀንድ ያለው ከብትም አይገባም። ቃል ነው።»

ቃሉ የአቡነ በትረ ማርያም ነው። በአካባቢው በሚነገረው ትውፊት መሠረት ቦታውን የመሠረቱት እኒህ አባት ምድሪቱ ሳትታረስ ለሕዝቧ እንድትበቃ ቃል ኪዳን ተቀብለዋል፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚውም የእርሳቸው በረከት ናቸው። ሰው የሚኖረው ቡናውንና ጌሾውን ሸጦ እህሉን ከውጭ ገዝቶ ነው። በሬ በማይገባበት አገር ሸክሙ ሁሉ የሚወጣውና የሚገባው በሰው ጀርባና በታንኳ ነው። አዛውንቱ ይህን ሲነግሩኝ እንደ ችግር አላወሩትም። «ያረሰ ሰው ጫካውን መቁረጥ ይጀምራል፤ ጫካው ካለቀ ቡናው ያልቃል፤ ቡናው ካለቀ እኛ የለንም» አሉኝ።

በዚህ ጊዜ ማዕድኔን የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ተገለጠልኝ። በሌሎች ታሪኮች ማዕድኑን የሚጠብቀው ግንብ፣ ወጥመድ ወይም የተቀጠረ ዘበኛ ነው። የእኔን ማዕድን የሚጠብቀው ቃል ይሆናል። ቆፋሪዎቹ በጫካው ውስጥ አያርሱም፣ በሬ አያስገቡም፣ ከታወቀው ንጣፍ ውጭ አይቆፍሩም፤ ስለዚህ ጫካው ይሸፍናቸዋል፣ የዛፉ ሥርም የዋሻውን አፍ አፈር ይይዝላቸዋል። ቃሉ ግን ዋጋ አለው፤ ማረስ ስለማይችሉ እህልና ሥጋ ከውጭ መግባት አለበት። የሚበላ ነገር የሚገባበት መንገድ ካለ ደግሞ ሌላም ነገር ይገባበታል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገባን። መቅደሱን የከበቡት ግድግዳዎች ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍነዋል፤ ጎብኚ ሁሉ ስለ ቀለሙ ያወራል፤ እኔ የቆምሁት በላዔ ሰብእ ፊት ነው። 78 ሰው በልቶ የዘመዶቹን ሥጋ እንኳ ያልማረ ይህ ሰው በመንገድ ላይ ውኃ የተጠማ ለምጻም ያገኛል፤ ሌላውን ልመና ሁሉ አልፎ ስለ ማርያም ስም ሲለመን ግን ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል፤ በፍርድ ቀን ያች ጥርኝ ውኃ ሚዛኑን ደፍታ ነፍሱን ታድነዋለች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ታሪክ ስለ አውሬ እያሰብሁ ሳየው ሌላ ነገር አየሁበት። እኛ የምንናገረው አስፈሪ ፍጥረት አንድ በር ክፍት ይቀርለታል፤ የሚሰማው ስም፣ የሚቀበለው ነገር አለው። እንደ ዕቃ ተቀምጦ ተጫዋች እስኪገድለው የሚጠብቅ አውሬ የእኛ አይደለም። በማስታወሻዬ ላይ «አውሬው የሚገባው ድርሻ አለው» ብዬ ጻፍሁና አሰመርሁበት።

ቅዳሜ፣ ክብራንና የዓባይ መውጫ

ክብራን ገብርኤል ሴት የማትገባበት ገዳም ስለሆነ እኅቴ በጀልባው ቀረች፤ እኔ ዳገቱን ወጣሁ። አንድ አባት ቤተ ክርስቲያኑን አስጎበኙኝ፤ ገዳሙ በብራና መጻሕፍቱ ይታወቃል። የጣና ደሴቶች በጦርነትና በወረራ ዘመን የንዋያተ ቅድሳትና የመጻሕፍት መሸሸጊያ ሆነው ኖረዋል፤ በዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ የነገሥታት አፅም ሳይቀር ተጠብቋል። ይህን እያሰብሁ ስወርድ ከእኔ የበለጠ ነገር ያየችው እኅቴ ሆና አገኘኋት።

ሁለት ነገር አይታለች። አንደኛው፣ ከውኃው ላይ ሆና ስትመለከት በዛፎቹ ምክንያት በደሴቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሰው ፈጽሞ አይታያትም፤ እኔ ግን ከላይ ሆኜ የእርሷን ጀልባ ብቻ ሳይሆን በሩቅ ያሉትንም ታንኳዎች አንድ በአንድ ሳያቸው ነበር። ሰላም ባለበት ጠዋት ወደ ጫካው ማዕድን ማንም ሳይታይ መቅረብ አይችልም ማለት ነው። እንግዲህ ዘራፊው የሚመጣው ባለ ጀልባዎች ሁሉ ገብተው ጠባቂውም «በዚህ ማዕበል ማን ይቀዝፋል» ብሎ በሚዘናጋበት የከሰዓት ነፋስ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ያየችው አርጃኖ፣ በውኃ ዳር የሚኖረው ትልቅ እንሽላሊት መሰል ተሳቢ ነው። በጀልባው አቅራቢያ ከድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ በእርጋታ ሥላዋለች፦ በጥቁር ቆዳው ላይ ተራ በተራ የተነጠበው ቢጫ፣ በጎኑ የተጠቀለለው ረጅም ጅራት፣ ጣቶቹ ድንጋዩን ጨብጠው የያዙበት ሁኔታ፣ በየጥቂት ጊዜው ወጥታ አየሩን የምትቀምስ ሹካ ምላስ። ይህችን ምላስ በሥዕሉ ጎን ብቻዋን ደግማ አጉልታ ሥላታለች። አርጃኖ በምላሱ ሽታ ይለቅማል፤ የሞተ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ ሁሉ ይበላል። ጣና አዞ የሌለበት ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ በዳርቻው ላይ ሥጋ ለቃሚው ትልቁ ተሳቢ እርሱ ነው። የእኔን አውሬ ከዚህ በላይ ርቄ የምፈልግበት ምክንያት አልነበረም። መጠኑን አሳድጌ እንደ ታንኳ አስረዝመዋለሁ፤ ጠባዩን ግን አልነካውም። እሳት አይተፋም፣ አይበርርም፣ ሰው ለመብላት ብሎ አይነሣም። የለመደው ቦታ ላይ የለመደውን ሥጋ ይለቅማል፤ ሽታው ወደሚወስደው ይሄዳል።

ማታ ወደ ዓባይ መውጫ ሄድን። ደንገሉ መካከል ጉማሬዎች ሲተነፍሱ ይሰማል፤ ጨለማ ሲሆን ከውኃ ወጥተው ሣር ይግጣሉ፤ ባለ ጀልባዎች ከእነርሱ ሲርቁ ያለ ምክንያት አይደለም። ጉማሬን በታሪኩ ውስጥ አስገባዋለሁ፤ ግን እንደ ጭራቅ ሳይሆን በሌሊት የሚቀዝፍ ሰው ሁሉ መንገዱን የሚቀይርለት ነገር አድርጌ ነው።

እሑድ፣ ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹ ውኃውን ስለሚጋሩት በበጋ እንደ ድሮው አይደለም። እኔን ያመጣኝ ውበቱ አልነበረም፤ አጥርነቱ ነው። የጣናን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች የለያቸው ይህ ገደል ነው፤ ከዓሦቹ መካከል በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች በሐይቁ ውስጥ የተፈጠሩት በዚህ ተዘግተው ስለኖሩ ነው። ከፏፏቴው በታች አዞ አለ፤ ከላይ የለም። ምናባዊ ዓለም የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ድንበር በነጻ ሲያገኝ ማመስገን አለበት፤ በላይኛው ውኃ የሚኖረው አውሬ ለምን በዚያ ብቻ እንደሚኖርና ሰዎቹም ለምን ከእርሱ ጋር መኖርን እንደተማሩ ከእንግዲህ ማስረዳት አይቸግረኝም።

ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1626 በተሠራው የድንጋይ ድልድይ ላይ ያልፋል። ወንዙ በጠባብ ቋጥኝ መካከል ታፍኖ ሲያልፍ ድልድዩ ከላይ ይሻገረዋል። ጭነት የያዙ ሴቶች ተራ በተራ ሲያልፉ ቆመን ጠበቅናቸው፤ ጎን ለጎን ለመተላለፍ እንኳ አይመችም። እኅቴ ድልድዩን በካርታው ላይ አሠፈረችው፤ የእኔ ዘራፊዎች ከቆላው የሚመጡት በዚህ በኩል ነው፤ በእግር የመጡ ስለሆኑ ታንኳ የላቸውም፤ ከዳርቻው ነዋሪ ይነጥቃሉ።

ሰኞ፣ በፎገራ በኩል

ቀኑን ሙሉ በመኪና ስለነበርን ብዙ የምጽፈው የለም። የፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚበቅልበት ረግረግ ነው። በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እምቦጩን አየነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን ሲያደክም የኖረ አረም ነው። ከሩቅ አረንጓዴ ሜዳ ይመስላል፤ አበባው ሐምራዊና ያማረ ነው፤ ቀርበው ሲያዩት ታንኳ የማያሳልፍ፣ መረብ የሚውጥ፣ በነፋስ ተገፍቶ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር ነው። ሰዎች ደረታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ተጫዋቾቼ ብዙዎቹ የዚህ አካባቢ ልጆች ስለሆኑ ይህን ወደ መዝናኛ አላስገባውም፤ የሚያም ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ ወሰድሁበት፤ አገርን የሚጎዳው አስፈሪ መልክ ያለው ብቻ አይደለም።

ወረታ ላይ ምሳ ስንበላ እኅቴ ጨርቁን ፈታችው። ድንጋዩ ደርቆ እሳቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል።

ማክሰኞ፣ ጎርጎራ

ጎርጎራ የሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ ነው። ደብረ ሲና ማርያምን ከተሳለምን በኋላ ወደ አሮጌው ጎርጎራ፣ ማርያም ግምብ ወደሚባለው ፍርስራሽ ሄድን። አፄ ሱስንዮስ ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር በተወዳጁበት ዘመን በኖራ የተሠራ ነው፤ ከእነርሱ ዋነኛው የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተውም በጎርጎራ ነው። ዛሬ የቆመው ጥቂት ነው፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጹት አበቦች በሣሩ ውስጥ ወድቀው ይታያሉ፤ የዛፍ ሥር በግድግዳው ስንጥቅ ገብቶ ይገፋዋል። ከዚያ ተቀምጬ ያሰብሁት በዘጌ ያለውን ነው። የንጉሥ ግንብ ፈርሷል፤ «በሬ አይጠመድም» የሚለው ቃል ግን ጫካውን እስከ ዛሬ አቁሞታል። ዓርብ ዕለት ስለ ቃሉ የወሰንሁት ውሳኔ ትክክል መሆኑን ያረጋገጥሁት እዚህ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ድንጋዩ እንዴት ይሸጣል? መልሱን ያገኘሁት ከአክሱም ዘመን ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል ወርቅ ወዳለበት ሩቅ አገር ነጋዴዎችን ይልክ እንደነበር ጽፏል። ከ500 በላይ ሆነው ይሄዳሉ፤ ከብት፣ ጨውና ብረት ይይዛሉ። ከቦታው ሲደርሱ የእሾህ አጥር ሠርተው በውስጡ ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱንም በእሾሁ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው በፈለጉት ዕቃ ላይ የወርቅ እንክብል አኑረው ይርቃሉ። ባለ ዕቃው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ይተወዋል፤ ያ ሰው ተመልሶ ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋቸው ስለማይገናኝ አንድም ቃል አይነገርም። ነጋዴዎቹ በመንገድ ወርቃቸውን ሊቀሟቸው የሚያደቡ ስለነበሩ መሣሪያ ይታጠቃሉ፤ ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሳይሞሉ ለመድረስም ይቸኩላሉ። ደርሶ መልሱ 6 ወር ይፈጃል።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር የሚገርመኝ የወርቁ ብዛት አይደለም፤ የእሾህ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለው ሥጋ ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች ተማምነው ዕቃቸውን ያለ ጠባቂ ይተዋሉ። እምነቱ ከፈረሰ ንግዱም አብሮ ይፈርሳል።

በጎርጎራ ዳር በእኅቴ ካርታ ላይ አጎንብሰን ሁሉንም ያገናኘነው በዚህ ነው። ማዕድኑ በጫካው ውስጥ ነው፤ ቆፋሪዎቹ አያርሱም፤ ስለዚህ ሥጋና እህል ከማዶ በታንኳ ይመጣል። ነጋዴዎቹ በዳርቻው ባለው የእሾህ አጥር ላይ ዕቃቸውን ያኖራሉ፤ ቆፋሪዎቹ ከጎኑ ድንጋይ አስቀምጠው ይርቃሉ። ከእያንዳንዱ ሥጋ አንዱ ብልት በደንገሉ ወገን ይቀራል፤ እርሱ የአርጃኖው ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያስታውስ የለም። አውሬው ድርሻውን ስለሚያገኝ ከዳርቻው አልፎ ወደ ጫካው አይወጣም፤ እርሱ በደንገሉ ውስጥ ስላለ ደግሞ ሌባ በሌሊት ወደ አጥሩ አይጠጋም።

ዘራፊዎቹ በድልድዩ ተሻግረው፣ ታንኳ ነጥቀው፣ በከሰዓቱ ነፋስ ይመጣሉ። ድንጋዩንም ሥጋውንም፣ የአውሬውንም ድርሻ ጭምር ጭነው ይሄዳሉ። በታንኳው ወለል ላይ ያለው ውኃ ድንጋዩን እስከ ማዶ ያጠጣዋል፤ ሲደርሱ ከረጢቱን ፈትተው የሚያገኙት ቀለም የሌለው ጠጠር ነው። የተታለሉ ይመስላቸዋል። «እውነተኛውን ደብቀው ሐሰተኛውን አኖሩልን» ይላሉ፤ ጠጠሩን በዳርቻው ላይ በትነው ቆፋሪዎቹን አስጨንቀው ለማናገር ወደ ማዕድኑ ራሱ ይመለሳሉ። በዚያው ሌሊት ድርሻው የቀረበት አርጃኖ ምላሱን እያወጣ የሥጋውን ሽታ ይከተላል፤ ሽታው ደግሞ ቆፋሪዎቹ ዘወትር ሥጋ ተሸክመው በሚወጡበት መንገድ ወደ ዋሻው አፍ ይወስደዋል። ዘራፊውና አውሬው በአንድ መንገድ፣ በአንድ ምክንያት ይመጣሉ።

ተጫዋቾቼ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። አውሬውን ለመግደል ከመረጡ ዳይሱ ከረዳቸው ይችላሉ፤ አልከለክላቸውም። ከዚያ በኋላ ግን በሌሊት ዳርቻውን የሚጠብቅ የለም፤ የሚቀጥሉት ዘራፊዎች ነፋስ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ዘራፊዎቹን ብቻ ከወጉ አውሬው እንደተራበ ነው። በሬ አስገብተን እንረስ፣ ከእንግዲህ የማንም ሥጋ አያስፈልገንም ካሉ ጫካው መመንጠር ይጀምራል፤ የዛፎቹ ሥር ያልያዘው አፈር በክረምት በዋሻው አፍ ላይ ይናዳል። የተበተነውን ጠጠር ከዳርቻው ለቅሞ በጨርቅ ጠቅልሎ ማድረቅ የሚያስብ ተጫዋች ካለ ግን ለዘራፊዎቹ አለቃ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል፤ ቀለሙ ለመመለስ ጊዜ ስለሚወስድ እስከዚያ ድረስ ዋሻውን ይዘው መቆየት አለባቸው።

እኅቴ የአንድ ነገር ማስተካከያ ጠየቀችኝ። ከተጫዋቾቹ አንዱ በጥቃቱ መካከል ከራሱ ስንቅ ቆርሶ ለአርጃኖው ቢወረውርለት ምን ይሆናል? ብዙ ሳላስብ ዳይስ ሳይጣል እንዲሠራ ወሰንሁ። ትንሽ ቁራሽ ብትሆንም ይቀበላታል፤ ከመንገዱ ዞር ብሎ ያሳልፋቸዋል። ይህን ሕግ በተራኪው ወረቀት ላይ ብቻ ጽፌዋለሁ፤ ለተጫዋቾቹ አስቀድሜ አልነግራቸውም።